ከእሽጉ ያልወጣው ተዋናይ

በግንቦት ወር 2024 መቀመጫውን በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ያደረገ አንድ የጨረታ ድርጅት፣ ቁመቱ አሥር ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የፕላስቲክ አሻንጉሊት በ525,000 ዶላር ሸጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሻንጉሊቱ «ስታር ዋርስ» በሚባሉት ፊልሞች ውስጥ በገንዘብ ተገዝቶ ሰው የሚያድነውን ቦባ ፌትን ይወክላል። በጀርባው የተሸከማት ትንሽ ሚሳይል በሞላ ኃይል እንድትወነጨፍ ተደርጎ የተሠራ የፋብሪካ ናሙና ሲሆን፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠበት ጊዜ የለም።

ታሪኩ አጭር ነው። ኬነር የተባለው የሲንሲናቲ ከተማ አሻንጉሊት ሠሪ ድርጅት፣ በ1979 አራት የግዢ ማረጋገጫ ቁራጮችን ለላከለት ልጅ ሁሉ ይህን ተኳሽ ቦባ ፌት በፖስታ እንደሚልክ አስታውቆ ነበር። በዚያው ሰሞን ከሌላ ድርጅት መጫወቻ የተወነጨፈች ሚሳይል በአንድ ሕፃን ጉሮሮ ተሰንቅራ ሕፃኑ ሞተ። ኬነርም ማስወንጨፊያውን አስቀርቶ፣ ሚሳይሏን ከጀርባው ጋር አጣብቆ፣ ለውጡ ለደኅንነት ሲባል መደረጉን ከሚገልጽ ማስታወሻ ጋር ለልጆቹ ላከ። ጥቂት ተኳሽ ናሙናዎች ግን ሳይጠፉ ቆዩ። እንግዲህ ዛሬ ከመጫወቻዎች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ፣ ለልጅ አይሆንም ተብሎ የተከለከለው ነው ማለት ነው።

ሰው በትርፍ ጊዜው ቴምብር ቢሰበስብ፣ የቆየ ሳንቲም ቢያጠራቅም ሃያሲን የሚያገባው ነገር የለም። «አክሽን ፊገር» የሚባሉትን፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ የጀግና አሻንጉሊት የምላቸውን፣ መሰብሰብ ግን የኪነ ጥበብ ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። (ቦባ ፌት ራሱ ጀግና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ስም እስኪገኝ አንባቢ ይታገሠኝ።) ቴምብር ደብዳቤውን ካደረሰ በኋላ ሥራው አብቅቷል፤ ሳንቲምም ከገበያ ከወጣ ዘመኑ አልፎበታል። አሻንጉሊቱ ግን ተዋናይ ነው። ክንድና ጉልበት፣ አንገትና ወገብ የተበጀለት ሌላ እጅ እንዲያንቀሳቅሰው፣ ሌላ አፍ እንዲናገርለት ነው። ተዋናይን እየሰበሰበ ከመድረክ የሚያስቀር ልማድ በዓለም ላይ ሲስፋፋ፣ ተውኔት የሚጽፍ ሰው አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው አይችልም።

ነገሩ የተጀመረው በ1964 ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ማቴል የተባለው ድርጅት ባርቢን ለገበያ አቅርቦ፣ ትርፉ ከአሻንጉሊቷ ይልቅ በየጊዜው ከሚገዙላት ልብሶችና ጌጣጌጦች እንደሚገኝ አሳይቶ ነበር። ስታን ዌስተን የተባለ የንግድ ሰው ይኸው ዘዴ ለወንዶች ልጆችም ይሠራል ብሎ አሰበ፤ ለወንዶቹ የሚሆነው ልብስ የወታደር ልብስ፣ ጌጡም ጠመንጃና ቦምብ ነው። ሐሳቡን ለሃስብሮ ድርጅት በ100,000 ዶላር ሸጠ። በድርጅቱ ውስጥ ዶን ሌቪን የመራው ቡድንም ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ 21 ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያሉት ጂ. አይ. ጆ የተባለውን ወታደር ሠራ። በዚያ ዘመን ለነበሩት፣ ቀጥ ብለው ከመቆም በስተቀር ሌላ ለማያውቁት የእርሳስና የቆርቆሮ ወታደሮች ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። መንበርከክ የሚችል፣ ራሱን ዞር አድርጎ የሚመለከት፣ ወድቆ የሚነሣ ወታደር ተገኘ። የመጋጠሚያው ብዛት የትወናው ስፋት ነው።

ችግሩ የመጣው ከስሙ ላይ ነበር። አሻንጉሊት የሴት ልጅ መጫወቻ ነው ተብሎ በሚታመንበት አገር ለወንድ ልጅ አሻንጉሊት የሚገዛ አባት አይገኝም። ስለዚህ ድርጅቱ «አሻንጉሊት» የሚለው ቃል በማናቸውም ማስታወቂያ ላይ እንዳይነሣ ከለከለና «አክሽን ፊገር»፣ ማለትም የድርጊት ምስል፣ የሚለውን ስም አወጣ። በእኛ ቋንቋ ይህ ብልሃት ባልተሳካ ነበር። አማርኛ ልጅቱ የምታዝለውንም፣ በክር የሚንቀሳቀሰውንም፣ ወታደሩንም በአንድ ቃል አሻንጉሊት ይላቸዋል። ከዚህም አልፎ በሌላው ፈቃድ የሚንቀሳቀሰውን ሹምና መንግሥት በዚያው ቃል ይሰድባል። ቃላችን የያዘው ፍሬ ነገር ፆታ አይደለም፤ የሚያንቀሳቅሰው እጅ ነው። ለኔ እንደሚመስለኝ አማርኛው እዚህ ላይ ከነጋዴው ይልቅ ለእውነት ይቀርባል።

የጂ. አይ. ጆ ሰውነት ሌላም የሚነበብ ነገር አለው። በቀኝ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለ። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ደግሞ መሆን ከሚገባው ቦታ ተገልብጦ በመዳፉ በኩል ተቀምጧል። ጠባሳው ከየትኛው ጦር ሜዳ እንደመጣ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር መልሱ ከጦር ሜዳ የመጣ አለመሆኑ ነው። የሰውን አካል ቅርጽ የኔ ነው ብሎ ማንም በሕግ ሊያስመዘግብ ስለማይችል፣ ሌሎች ድርጅቶች ሲገለብጡት ለመያዝ የሚያገለግል ምልክት አስፈለገ። በጥንቱ ድርሰት ጀግና የሚታወቀው በቁስሉ ነው፤ ሞግዚቲቱ እግሩን ስታጥብ ጠባሳውን አይታ ኦዲሴውስን ትለየዋለች። እዚህ ግን ቁስሉ የባለቤትነት ማኅተም ሆኗል። ገጸ ባሕርይ ሊሆን የተዘጋጀው ነገር ገና ከመነሻው ሸቀጥነቱን ፊቱ ላይ ተጽፎበት ወጣ።

ይህ የገጸ ባሕርይና የሸቀጥ ቅራኔ ራቁቱን የወጣው በፍርድ ቤት ነው። የአሜሪካ የጉምሩክ ደንብ «አሻንጉሊት» የሚለውን ስም የሰውን ልጅ ለሚወክሉት ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ሌላውን «መጫወቻ» ይለዋል፤ የሁለቱም ቀረጥ ይለያያል። ሃስብሮ ጂ. አይ. ጆ አሻንጉሊት አይደለም ብሎ ተከራክሮ በ1989 በይግባኝም ተረታ። ቶይ ቢዝ የተባለው ድርጅት ደግሞ ኤክስሜን የሚባሉትን የሥዕላዊ ታሪክ ገጸ ባሕርያት የሚወክሉት አሻንጉሊቶች ሰው አይደሉም፣ ስለዚህ 12 በመቶ ሳይሆን 6.8 በመቶ ብቻ ሊቀረጡ ይገባል ሲል ለዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት አመለከተ። ዳኛ ጁዲት ባርዚላይም አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ ከመረመሩ በኋላ በ2003 ለድርጅቱ ፈረዱ። የኤክስሜንን ታሪክ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው፣ ልዩ ኃይል ይዘው በመወለዳቸው ኅብረተሰቡ የሚያሳድዳቸው ሰዎች ሰው ነን ብለው ስለሚያደርጉት ትግል ነው። በገጹ ላይ ለሰውነታቸው የሚሟገትላቸው ወገን፣ በጉምሩክ በር ላይ ሰው አይደሉም ብሎ መሰከረባቸው። ከዚህ የበለጠ ምፀት ተቀምጬ ልጻፍ ብል የማገኘው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሰብሳቢው እንምጣ። ሰብሳቢው በአንድ ቀን አልተፈጠረም። «ስታር ዋርስ» በ1977 ሲወጣ ኬነር አሻንጉሊቶቹን ለገና ገበያ ማድረስ አልቻለም። ስለዚህ የሸጠው ባዶ ካርቶን ነበር። ወላጅ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ልጁ ሥዕል ያለበትን ካርቶንና የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ አራቱ አሻንጉሊቶች በሚቀጥለው ዓመት በፖስታ ይመጡለታል። ልጆቹ ባዶውን ካርቶን በደስታ ተቀበሉ ይባላል፤ ደስ ባይላቸውም ምርጫ አልነበራቸውም። ከዚያ እስከ 1985 ድረስ ወደ መቶ የሚጠጉ ገጸ ባሕርያት ተሠሩ፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አሻንጉሊቶችም ተሸጡ። የቁመታቸው ማነስ ራሱ የተለየ ትወና ፈጥሮላቸዋል። የ30 ሴንቲ ሜትሩ ወታደር ብቻውን የሚተውን የአንድ ሰው ተውኔት ነበር፤ በልጅ መዳፍ የሚገቡት ትናንሾቹ ግን መርከባቸውን፣ ምሽጋቸውን፣ ሠራዊታቸውን ይዘው መጡ። መኝታ ቤት ሙሉ መድረክ ሆነ።

በዚህ ላይ የ1982ቱ ጂ. አይ. ጆ ለሥነ ጽሑፍ ሰው የሚሆን አንድ ነገር ጨመረ። አሻንጉሊቱ ቁመቱን አሳጥሮ ከሥዕላዊ መጽሔትና ከቴሌቪዥን ታሪክ ጋር ሲመለስ፣ በየእሽጉ ጀርባ የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሕይወት ታሪክ ታተመ፤ የትውልድ ቦታው፣ ሙያው፣ ጠባዩ፣ የሚሠራውና የማይሠራው። ጸሐፊው ላሪ ሃማ የሥዕላዊ መጽሔቱም ደራሲ ነው። በጥቂት መስመር ውስጥ ሰውን ማቆም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ለረጅም ልብ ወለድ የሚሰጠውን ያህል ክብር ባይሰጠውም ድርሰት ነው። ልጁ ያቺን ጽሑፍ በመቀስ ቆርጦ እንዲያስቀምጣት በእሽጉ ላይ የመቁረጫ መስመር ተደርጎላት ነበር። ዛሬ ግን በዚያ መስመር የተቆረጠ እሽግ ዋጋው የወደቀ ነው። ደራሲው ያሰበላት አንባቢ መቀስ የያዘው ልጅ ነበር፤ ገበያው ያከበረው ግን መቀሱን ያላነሣውን ነው።

እነዚያ ልጆች አደጉ፤ ደመወዝተኛ ሆኑ፤ እናቶቻቸው የጣሉትን መልሰው መግዛት ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚነቅፈው ነገር የለም። ሰው የልጅነቱን ነገር መፈለጉ የወግ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን አዲስ ነገር መጣ። የድሮዎቹ አሻንጉሊቶች ዋጋ መውጣቱን ያየ ሁሉ አዲሶቹን በደርዘን እየገዛ፣ ሳይከፍት፣ በየጓዳው ቆለለ። ኬነር በ1995 የ«ስታር ዋርስ»ን አሻንጉሊቶች እንደገና ማምረት ሲጀምር ብዙዎች ሁለት ሁለት ይገዙ ነበር ይባላል፤ አንዱ ለመክፈት፣ አንዱ ለመክፈል። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ብርቅ ሊሆን ስለማይችል ዛሬም ድረስ ከነእሽጋቸው በርካሽ ይሸጣሉ። የድሮዎቹ የተወደዱት ልጆች ስለተጫወቱባቸው ነው። ውድነታቸው የጨዋታ ውጤት ነው፤ አብዛኞቹ ተሰበሩ፣ ጠፉ፣ ውሻ በላቸው፣ በግቢ አፈር ተቀበሩ፤ ጥቂቶቹ ተረፉ። ነጋዴው የተረፉትን ዋጋ አይቶ ያለፉትን ረሳ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት ሙሉ ቢሮክራሲ ነው። ሰብሳቢው አሻንጉሊቱን ለደረጃ ሰጪ ድርጅት ይልካል። መርማሪዎቹ የካርቶኑን ጠርዝ፣ የብርሃን አሳላፊውን ሽፋን ጥራት፣ ቢጫ ማለት አለማለቱን እያዩ እስከ መቶ ከሚደርስ ነጥብ ያርሙታል፤ ከዚያም በወፍራም የአክሪሊክ ሣጥን አሽገው፣ ነጥቡን ጽፈውበት ይመልሱለታል። እንግዲህ እሽጉ ራሱ ታሸገ። ከአምስት ነጥብ ልዩነት የተነሣ ዋጋው በእጥፍ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። መምህራን አንባቢዎቼ ፈተና ማረም ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ፈተናውን ያልተቀመጠ ተማሪ ከፍተኛ ነጥብ ሲያገኝ ግን ያዩ አይመስለኝም።

ስለ መጫወቻ የጻፉ ሦስት ታላላቅ ሰዎች እዚህ ላይ ይጠቅሙናል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሻርል ቦድሌር በ1853 ባወጣው ድርሰቱ፣ ልጅ መጫወቻውን እያገላበጠ፣ እየነቀነቀ፣ በመጨረሻም ሰብሮ የሚከፍተው ነፍሱን ፍለጋ መሆኑን ይናገራል። ከመቶ ዓመት በኋላ ያገሩ ልጅ ሮላን ባርት፣ የዘመኑ መጫወቻዎች የአዋቂዎችን ዓለም አሳንሰው ለልጁ በማቅረብ ፈጣሪ ሳይሆን ተጠቃሚ ያደርጉታል ብሎ ተቃወመ፤ በፕላስቲኩም ላይ ከእንጨት ጋር እያነጻጸረ ፈረደበት። የባርት ሂስ ለጂ. አይ. ጆ የተጻፈ ይመስላል፤ የጻፈው ግን ጆ ከመወለዱ በፊት ነው። ሆኖም ባርት ልጁን ንቆታል ባይ ነኝ። ነጋዴው ወታደር አድርጎ የላከውን አሻንጉሊት ልጁ አባት ሊያደርገው፣ ሐኪም ሊያደርገው፣ ከእህቱ ባርቢ ጋር ሊድረው ይችላል። በቃለ ተውኔቱ ላይ የመጨረሻው ሥልጣን የልጁ ነው።

ሦስተኛው ቫልተር ቤንያሚን ነው። እርሱ ራሱ የሕፃናት መጻሕፍት ሰብሳቢ ስለነበር፣ በ1931 ስለ መጻሕፍት ቤቱ የጻፈው ድርሰት ለሰብሳቢዎች ሁሉ ጠበቃ ሆኖ ይጠቀሳል። ያልታሸገ አሻንጉሊት የማይገዙ ሰዎችም ሲጠቅሱት አይቻለሁ። አላግባብ ነው። ቤንያሚን በአንድ ዕቃ ውስጥ የሚያየው የተሠራበትን ዘመንና አገር፣ ሙያተኛውን፣ በተለይም ከእርሱ በፊት ያለፈበትን ባለቤት ነው። ለእርሱ የቀድሞው ባለቤት የዕቃው ታሪክ ክፍል ነው። የታሸገውን የሚሻው ሰብሳቢ ግን ከእርሱ በፊት ማንም እንዳልነበረ የሚያረጋግጥለትን ነው የሚገዛው። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው።

ለታሸገው ወገን የሚቀርብ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ግን አለ፤ እርሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ሂሴ ይጎድላል። እሽጉ ራሱ የጥበብ ሥራ ነው ይላሉ። በካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል፣ ፊደሉ፣ የቀለሙ አመራረጥ ሠዓሊና አታሚ የደከሙበት ነው፤ ሁሉም ቢከፈት ኖሮ ይህ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። እውነት ነው። የማስታወቂያ ሥዕል ታሪክን የሚያጠና ሰው ለእነዚህ ሰብሳቢዎች ባለዕዳ ነው። ለምርምር የሚሆን አንድ ያልተከፈተ ቅጂ መቀመጡ ተገቢ ነው፤ አንድ መቶ ሺህ ያልተከፈተ ቅጂ ግን ምን ሊያስጠና ነው?

ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ አሳምሮ ያየው ሥራ በ1999 የወጣው «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው የካርቱን ፊልም ነው። ፊልሙ ለልጆች የተሠራ ቢሆንም፣ በተውኔት አወቃቀሩ ጠንካራ ነው። ውዲ የተባለው የከብት ጠባቂ አሻንጉሊት በባለቤቱ በአንዲ እጅ ሲጫወት ክንዱ ይተረተራል፤ ከመደርደሪያ ላይ ይወጣል። አል የተባለ የመጫወቻ ነጋዴ ከቤቱ ደጅ ከተዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ሰርቆ ይወስደዋል፤ ከሌሎች ሦስት አሻንጉሊቶች ጋር ስብስቡን አሟልቶ በጃፓን ላለ ሙዚየም ሊሸጠው ነው። ከሦስቱ አንዱ የማዕድን ፈላጊው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ከሣጥኑ ወጥቶ አያውቅም። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሌሎቹ አሻንጉሊቶች በሙሉ እየተገዙ ሲሄዱ ሲያይ የኖረ ነው። ሙዚየሙን የሚናፍቀው ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ነው።

በፊልሙ ውስጥ ንግግር እጅግ ያነሰበት አንድ ትዕይንት አለ። አል አንድ አዛውንት ጠጋኝ ያስመጣል። አዛውንቱ መሣሪያዎቻቸውን ዘርግተው የውዲን ክንድ ይሰፋሉ፤ ዓይኖቹን ይወለውላሉ፤ ጉንጩን ያቀላሉ። ተመልካቹ በእጃቸው ጥበብ ይደነቃል፤ መደነቁም ተገቢ ነው። በመጨረሻ ጫማውን ይገለብጡና በጫማው ሥር አንዲ በልጅ እጅ የጻፈውን ስም በቀለም ይሸፍኑታል። ብሩሹ በሦስትና በአራት ምት ስሙን አጠፋው። ውዲ እንደ አዲስ ሆነ፤ ማለትም የማንም ያልሆነ ሆነ። ስለ መሰብሰብ ሥነ ምግባር የተጻፈ ማናቸውም ድርሰት ከዚያች ብሩሽ በላይ የሚለው የለም። ውዲ በኋላ ቀለሙን በእጁ ፍቆ ስሙን ሲያወጣው ውሳኔውን አውቀናል፤ ንግግር አላስፈለገም።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ሐቀኛ ያልሆነበት ቦታ አለ። ሽማግሌውን በመጨረሻ ክፉ ሰው አድርጎ ይገላገለዋል። ስልሳ ደቂቃ ያህል ያዘንለትን ገጸ ባሕርይ በአንድ ጊዜ ዶማ ይዞ የሚያስፈራራ ሽፍታ ማድረግ የደራሲ ስንፍና ነው። ያልተጫወቱበት መሆኑ የሽማግሌው ጥፋት አይደለም። ከዚህም በላይ ነጋዴውን አልን ስግብግብ አድርጎ የሚሥል ፊልም፣ ራሱ በየሱቁ የታሸገ ውዲ ሲያስቸበችብ ኖሯል። ልጆች ፊልሙን አይተው ሲወጡ የሚለምኑት ከአንዲ ጓዳ የወጣ አሮጌ አሻንጉሊት እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ከፊልሙም ከሰብሳቢዎቹም ዘንድ አንድ እጅ ይጎድላል። እስካሁን ስለ ልጁ እጅና ስለ ሰብሳቢው እጅ ተናገርን፤ የሠራተኛዋ እጅ የት አለ? በድሮዎቹ የኬነር አሻንጉሊቶች እግር ላይ ፊደሉ እጅግ ባነሰ ጽሑፍ «ሆንግ ኮንግ» የሚል ይገኛል። ሰብሳቢዎች ያቺን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ይፈልጓታል፤ ቅጂውን ከቅጂ ለመለየት ትረዳለችና። የ1978ቱ ሃን ሶሎ ትንሽ ራስ ያለውና ትልቅ ራስ ያለው ተብሎ በሁለት እንደሚከፈል፣ የመጀመሪያዎቹ ጃዋዎች ካባ ፕላስቲክ ሆኖ በኋላ ወደ ጨርቅ እንደተለወጠ፣ የፕላስቲኩም ካባ በሺህ የሚቆጠር ዶላር እንደሚያወጣ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ የብዙ ሊቃውንትን ሥራ ያስንቃል። ያቺን የጨርቅ ካባ የቆረጠችው፣ የጢሙን ቀለም የቀባችው ሴት ግን ከዚህ ሁሉ እውቀት ውስጥ የላትም።

በግንቦት ወር 1993 በታይላንድ በናኮን ፓቶም አውራጃ ካደር በተባለ የመጫወቻ ፋብሪካ ላይ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው ከጨርቅና ከፕላስቲክ የሚሠሩ አሻንጉሊቶችን ለአሜሪካና ለሌሎች ሀብታም አገሮች ገበያ የሚያመርት ነበር። አንዳንድ መውጫ በሮች ተቆልፈው ነበር፤ ሕንፃውም ፈጥኖ ተደረመሰ። 188 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በ1993 የተሠራ አሻንጉሊት ዛሬ ከእሽጉ ሳይወጣ ለጨረታ ሲቀርብ «የሰው እጅ ያልነካው» ተብሎ ይሞገሳል። ይህን አነጋገር ለሚጠቀሙበት ሁሉ ሰው ሳይነካው የተሠራ አሻንጉሊት እንደሌለ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሰብሳቢዎች ሁሉ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሳይከፍቱ የማይውሉ አሉ። የተሰበረ ክንድ ከሌላው እየነቀሉ የሚጠግኑ፣ ቀለም እየቀቡ በፋብሪካ ያልተሠራ ገጸ ባሕርይ የሚፈጥሩ፣ አሻንጉሊቶቹን በሣር ውስጥ፣ በውሃ ዳር፣ በበረዶ ላይ አቁመው ፎቶግራፍ የሚያነሡ አሉ። የእነዚህ ፎቶግራፎች ምርጦቹ የመድረክ ሰው ሊማርባቸው የሚገባ ናቸው፤ የማይለወጥ የፕላስቲክ ፊት በብርሃን አቅጣጫና በአንገት ዘንበል ማለት ብቻ ሐዘን ሊለብስ እንደሚችል ያሳያሉ። ስቲቭ ሳንስዊት የተባሉት የካሊፎርኒያ ሰው ደግሞ ወደ 300 ሺህ እንደሚደርስ የተገመተውን የ«ስታር ዋርስ» ስብስባቸውን ቀድሞ የዶሮ እርባታ በነበረ ቦታ አኑረው፣ ለትርፍ ያልቆመ ሙዚየም አድርገው ለጎብኚ ከፍተዋል። በ2024 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በአሜሪካ አዋቂዎች ለራሳቸው የገዙት መጫወቻ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ከተገዛው መብለጡ ሲነገር ብዙዎች ተሳለቁ። እኔ አልሳለቅም። አዋቂ መጫወቱ አያሳፍርም፤ ቲያትር ቤት ሄዶ ሌሎች ሲጫወቱ ለማየት ገንዘብ የሚከፍለውስ አዋቂ አይደለም? ጥያቄው ገዝቶ ይጫወታል ወይስ አይጫወትም ነው።

ነገሩ ከእኛም አገር ሙሉ በሙሉ የራቀ አይደለም። በመርካቶ ሱቆች ከቻይና የሚመጡ የፕላስቲክ ስፓይደርማኖች ተንጠልጥለው ይሸጣሉ፤ የከተማ ልጅ ያውቃቸዋል። እነዚህን አሽጎ የሚያስቀምጥ ሰው ገና ብዙም የለንም። የምንሰበስበው ነገር ግን አለን፤ ወይም ሊኖረን ይገባ ነበር። በስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን የደረደረው በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ፣ ከልጅነት እስከ ሞት ባለው መንገድ ነው። ይህ አደራደር ዕቃውን ከተጠቀመበት ዕድሜ ጋር ያስተሳስረዋል፤ ለአሻንጉሊት ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ያለ አይመስለኝም።

አስቸጋሪው የእኛ ልጆች መጫወቻ ለሣጥን የማይመች መሆኑ ነው። እረኛው ከጭቃ የሚሠራው በሬ እስከሚቀጥለው ዝናብ ነው ዕድሜው። የበቆሎ ቆረቆንዳ ጨርቅ ተጠምጥሞለት የሚታዘለው ሕፃን ማታ ምድጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሽቦ መኪናው ሽቦ ነገ ለሌላ ይፈለጋል። ሠሪውና ተጫዋቹ አንድ ሰው ስለሆነ ዕቃው ሲፈርስ ብዙም አይለቀስለትም፤ ሌላ ይሠራል። እንግዲህ በየገጠሩ ያላችሁ መምህራን ለዚህ ሥራ ከሙዚየም ሠራተኛ ይልቅ ትቀርባላችሁ። አንዱን የጭቃ በሬ አድርቆ ለከተማ መላክ ይቻላል፤ ብቻውን ግን ከታሸገው ቦባ ፌት የሚለየው በጭቃነቱ ነው። አብሮት የሚሄድ ወረቀት ያስፈልገዋል፦ የሠራው ልጅ ስምና ዕድሜ፣ ጭቃው ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደመጣ፣ ቀንዱ ከምን እንደተሰካ፣ ከማን በሬ ጋር እንደተጠመደ፣ ስሙ ቦራ ይሁን ዳልቻ፣ ሲያርስ ልጁ ምን እያለ ይነዳው እንደነበረ፤ አልሄድ ሲለውም ምን ብሎ እንደሰደበው።